ደመናው እስኪነሣ ድረስ

ኦሪት ዘኍልቍን በተከታታይ ያነበበ ሰው በ9ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ለየት ያለ ክፍል ያገኛል። ከቁጥር 15 እስከ 23 ድረስ ጸሐፊው አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይናገራል፤ ደመናው ከድንኳኑ ላይ ሲነሣ እስራኤል ይጓዙ ነበር፣ ባረፈበት ስፍራም ይሰፍሩ ነበር። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ደመናው ብዙ ቀን ቢቀመጥ፣ ጥቂት ቀን ቢሆን፣ ከማታ እስከ ጧት ብቻ ቢያርፍ፣ ሁለት ቀን ወይም አንድ ወር ወይም አንድ ዓመት ቢሰነብት እያለ እያንዳንዱን ሁኔታ ለየብቻው ያነሣል፤ በሁሉም ላይ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልቤን የያዘውም ሕዝቡ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን ለይቶ ስለሚያሳይ ነው። መሪ ተሰጥቷቸዋል፤ መሪያቸውም ቀን በደመና፣ ሌሊት በእሳት አምሳል ከዓይናቸው አልተሰወረም። የጉዞው ቀን ግን አልተሰጣቸውም። ደመናው የሚነሣበት ጊዜ አስቀድሞ የተነገረው አንድም ሰው በሰፈሩ ውስጥ እንደነበረ ክፍሉ አይናገርም። አንዲት እናት ልጇን አስተኝታ ስታድር፣ ነገ እዚያው ትነቃ እንደሆነ ወይም ድንኳኗን ነቅላ ትሄድ እንደሆነ አታውቅም ነበር። ኦሪት ዘዳግም ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ ያለው መንገድ በሴይር ተራራ በኩል የ11 ቀን ጉዞ መሆኑን ይነግረናል፤ በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ከቃዴስ በርኔ ተነሥተው የዘሬድን ወንዝ እስኪሻገሩ ድረስ 38 ዓመት እንዳለፈ እናነባለን። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በእግር አይለካም።

ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው ግን ደመናው ባረፈ ቁጥር ይሠራ የነበረው ሥራ ነው። የመገናኛው ድንኳን በቀላሉ ተተክሎ በቀላሉ የሚነቀል አልነበረም። ኦሪት ዘጸአት በዝርዝር እንደሚያስቀምጠው 48 ሳንቃዎች ነበሩት፤ ሳንቃዎቹና የመጋረጃው ምሰሶዎች የሚቆሙባቸው 100 የብር እግሮች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ እግር አንድ መክሊት ብር ገብቶበታል፤ አንድ መክሊት በዛሬ ሚዛን ከ30 ኪሎ ግራም በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ሳንቃውንና እግሩን የሚሸከሙት ከሌዊ ነገድ የሆኑት የሜራሪ ልጆች ነበሩ፤ ለዚህም አራት ሠረገላና ስምንት በሬ ተሰጥቷቸዋል። ሌሎቹ ሌዋውያን የቀዓት ልጆች ደግሞ ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ይሸከሙ ስለነበር ሠረገላ አልተሰጣቸውም። እንግዲህ ደመናው ከማታ እስከ ጧት ብቻ ያረፈባቸውን ቀኖች እናስብ። ሌዋውያኑ ምሽቱን ሳንቃውን አቁመው፣ መጋረጃውን ዘርግተው፣ ታቦቱን በስፍራው አኑረው ሲያበቁ፣ ጧት ደመናው ተነሥቶ ያገኙታል። ነገ ይነሣ ይሆናል ብለው ድንኳኑን በግማሽ እንዲተክሉ አልተፈቀደላቸውም። ለአንዲት ሌሊትም ለአንድ ዓመትም የሚተከለው አንድ ዓይነት ሙሉ ድንኳን ነበር።

ይህን ለማስተዋል የበቃሁት የራሳችን ቤት ጉዳይ እርግጠኛ ባልሆነበት ወቅት ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ አያቴ በገባችበትና እናቴ በወረሰችው የቀበሌ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን ጨምሮ በከተማዋ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የኮሪደር ልማቱ ሥራ ሲጀመር፣ የእኛም መንደር እንደሚነሣ ይወራ ጀመር። ሰዎች መጥተው ቤቱን ለኩ፣ የነዋሪውን ስም መዘገቡ፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው አልነበረም። መቼ እንደምንነሣ፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ ከጎረቤት ጋር አብረን እንሆን ወይም እንበታተን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጽፈው ስለ መጠበቁ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው መጠበቅ ሰውን ከሥራ ያስፈታል። በመንደራችን ያፈሰሰ ጣሪያ የሚያስጠግን ጠፋ፤ ለሚፈርስ ቤት ማን ገንዘብ ያወጣል? የዓመት በርበሬዋን አስፈጭታ የምታስቀምጥ ሴት የወሯን ብቻ መግዛት ጀመረች። ልጆቻቸውን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስመዘግቡ ያልወሰኑ ወላጆች ምዝገባው እስኪያበቃ ድረስ ተቀመጡ። ከሁሉም የከበደው የእድሩ ነገር ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዋጮ የከፈሉ አዛውንቶች፣ መንደሩ ቢበተን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ለማን እንደሚሆን፣ ከዚያም በላይ እነርሱ ሲያልፉ በማያውቁት ሰፈር ማን ወጥቶ እንደሚቀብራቸው እየጠየቁ ይጨነቁ ነበር። ይህን ጭንቀት አቅልሎ የሚያይ ሰው እድር በእኛ ከተማ ምን እንደሆነ አልገባውም። ከጎረቤቶቻችን መካከልም በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ በየወሩ እየቆጠቡ ዕጣ የሚጠባበቁ ነበሩ፤ እነርሱ አንዱን መጠበቅ በሌላው ላይ ደርበው ተሸከሙ።

በዚያ ወቅት ሁላችንም እንጸልይ ነበር። ጸሎታችን «ምራን» የሚል ነበር፤ በልባችን የምንለምነው ግን ቀኑን ነበር። ቀኑን ብናውቅ ሌላውን ሁሉ በራሳችን እንደምናስተካክለው ይሰማን ነበር። በመሪ መታመንና የጉዞን ቀን ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዳንዴም እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ። ቀኑን በእጁ የያዘ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ደመናው ቀና ብሎ የማየት ግዴታ የለበትም። የእስራኤል ልጆች በየጧቱ ወደ ድንኳኑ እንዲመለከቱ ያደረጋቸው ቀኑን አለማወቃቸው ነበር። እግዚአብሔር ጊዜውን ከእኛ የሚሰውርበትን ምክንያት ሁሉ አውቃለሁ አልልም፤ ይህ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ቀኑን የሚናገሩ ሰዎች ግን በመንደራችን አልታጡም። አንዱ ሕልም አየሁ ይላል፤ ሌላዋ በስልክ ከሚተነብይ ሰው «እስከ መስከረም ይለይለታል» የሚል ቃል አምጥታ ለሁላችን ታካፍላለች። ያንን ቃል ይዘው ዕቃቸውን የሸጡም ነበሩ። መስከረም ጠባ፤ ቃሉን የሰጠው ሰውም ወደ ሌላ ቃል አለፈ። ይህ ጉዳይ ዛሬ በየቤተ እምነቱ ዙሪያ ብዙ ሰው እየጎዳ ስለሆነ ለስላሳ ቃል ላገኝለት አልፈልግም። የጨነቀውን ሰው ቀን ቆርጦ በመንገር ማጽናናት እግዚአብሔር ያልተናገረውን በእግዚአብሔር ስም መናገር ነው።

ትንቢተ ኤርምያስ 28ኛው ምዕራፍ የሚተርከው ይህንኑ ነው። የገባዖኑ ሰው ሐናንያ በእግዚአብሔር ቤት፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ ናቡከደነፆር ወደ ባቢሎን የወሰደው የቤተ መቅደስ ዕቃና ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ ተናገረ። ኤርምያስም በመጀመሪያ «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ» አለ። ይህ «አሜን» ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ ነቢዩ የወገኖቹ መመለስ እንዲፋጠን ከሐናንያ ባላነሰ ይመኝ ነበርና። ምኞቱን ግን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አላምታታውም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ ባቢሎን በላከው ደብዳቤ የጻፈው ሁለት ዓመት ብሎ ሳይሆን 70 ዓመት ብሎ ነው።

ዛሬ በየታክሲው መስታወትና በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምናየው «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል የተነገረው በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ 70 ዓመት የሚለው ቁጥር ከእርሱ በፊት ባለው ቁጥር 10 ላይ ይገኛል። ያን ቀን ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ በባቢሎን ሊሞቱ ነው። ለእነርሱ የተነገራቸውም ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አታክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ የሚኖሩባትንም ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ ነበር። ከተማይቱ የማረከቻቸው ናት፤ እነርሱ ግን በእርስዋ ውስጥ አትክልት ይተክላሉ። የእግዚአብሔር ምሪት ለምርኮኞቹ የመጣው በዚህ መልክ ነው።

በዚያው ሰሞን ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ፣ ቀድመን ቤት ተከራይተን እንውጣ ወይስ እንጠብቅ ብዬ ጠየቅኋቸው። የጠበቅሁት ሱባኤ ግባ፣ ይህን ያህል ቀን ጹም የሚል መልስ ነበር። እርሳቸው ግን በመጀመሪያ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቀድማችሁ ብትወጡ ምትክ ቤት የማግኘት መብታችሁ እንዴት ይሆናል? እናትህ የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ከምትከራዩበት ሰፈር ምን ያህል ይርቃል? ሕጉን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተነጋግረሃል? አልተነጋገርሁም ነበርና፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ እርሱን ጠይቀህ ና፤ ከዚያ አብረን እንጸልያለን» አሉኝ። ጠየቅሁ። ቤቱን በራሳችን ፈቃድ ለቀን ብንወጣ ምትኩን ልናጣ እንደምንችል ተረዳን። ውሳኔውም ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ አልነበረም።

ያን ቀን የንስሐ አባቴ መልስ መንፈሳዊነት ያነሰው የመሰለው ሰው ካለ፣ ኦሪት ዘኍልቍ 10ኛውን ምዕራፍ እንዲያነብ እጋብዘዋለሁ። የደመናው ምዕራፍ ካለቀ ገና ብዙም ሳንርቅ፣ ሙሴ ለምድያማዊው ለራጉኤል ልጅ ለኦባብ እባክህ አትለየን ይለዋል፤ ምክንያቱንም ሲነግረው በምድረ በዳ የምንሰፍርበትን ስፍራ አንተ ታውቃለህ፣ እንደ ዓይናችን ትሆንልናለህ ይለዋል። ደመናው ከላያቸው ላይ እያለ! ሙሴ የደመናውን ምሪት የተጠራጠረ አይመስለኝም። ደመናው የሰፈሩን ቦታ ሲያመለክት ውኃው የት እንዳለ፣ ግጦሹ በየት በኩል እንደሚገኝ፣ እባብ የሚበዛው በየትኛው ሸለቆ እንደሆነ የሚያውቀው በረሃው ውስጥ ያደገው ሰው ነው። እግዚአብሔርም የኦባብን ዓይን የሰጠው ራሱ ነው። በእኛ ዘንድ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚያውቀውን ሰው ላለመጠየቅ ምክንያት ሲሆን አይቻለሁ፤ ይህ ግን ለሙሴ አልታየውም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። እነርሱ ደመና ነበራቸው፤ እኛ የለንም። በድንኳኑ ላይ የቆመ የሚታይ ነገር ቢኖር ኖሮ ማን ይጨነቅ ነበር? ይህን ጥያቄ ቀላል አላደርገውም፤ ነገር ግን ደመናውን ያዩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ በ14ኛው ምዕራፍ እናያለን። ሂዱ፣ ምድሪቱን ውረሱ ሲባሉ ሰላዮቹ ባወሩት ፈርተው አንሄድም አሉ። ተመለሱ ሲባሉ ደግሞ በማግሥቱ ማልደው ወደ ተራራማው አገር ወጡ፤ ሙሴና ታቦቱ ከሰፈሩ ሳይንቀሳቀሱ ብቻቸውን ሄደው እስከ ሔርማ ድረስ ተመቱ። በሁለት ቀን ውስጥ መቀመጣቸውም መሄዳቸውም አለመታመን ሆነ። ስለዚህ መጠበቅ ራሱ እምነት እንዳልሆነ፣ መድፈርም ራሱ እምነት እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ የሚታይ ምልክት መኖሩም ልብን አላጸናም።

ለእኛ የተሰጠው መዝሙረኛው «ሕግህ ለእግሬ መብራት፥ ለመንገዴ ብርሃን ነው» ያለው ነው። በእኛ መንደር የቤቱ ዕጣ ፈንታ ባይታወቅም፣ በየቀኑ ሊደረግ የሚገባው ነገር አብዛኛው ግልጽ ነበር። የእድር ተራ የደረሰው ሰው ኀዘን ቤት መድረስ ነበረበት። የታመመች ጎረቤት መጠየቅ ነበረባት። ከአበዳሪ የወሰደ ሰው፣ ሰፈሩ ሊበተን ነው ብሎ ብድሩን መካድ አልነበረበትም። ከተረበሽንባቸው ሌሊቶች በብዙዎቹ፣ የማናውቀውን አንድ ነገር ስናሰላስል የምናውቃቸው ብዙ ነገሮች ሳይሠሩ አድረዋል። እግዚአብሔር ስለ ነገ ያልነገረኝን እየጠየቅሁት ሳለ፣ ስለ ዛሬ የነገረኝ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር።

እናቴ በዚያ ክረምት ዋዜማ ጣሪያውን አስጠገነች። ቆርቆሮ አስመጣች፣ ሠራተኛ ጠራች፣ የበሰበሰውን ማገር አስቀየረች። ጎረቤቶች ሲገረሙ፣ እኛም ልጆቿ ገንዘቡን ለጉዞው ብታስቀምጪው አይሻልም ወይ፣ እማዬ፣ ስንላት፣ «ዝናቡ መቼ እንደምንነሣ አይጠይቀንም» ብላ አሳጠረችው። ከዚያ በኋላ ያነበብሁት የመጽሐፍ ትርጓሜ ሁሉ ስለ ሳንቃዎቹና ስለ ብር እግሮቹ ያን ያህል አላስረዳኝም። ከመንደሩ ሌሎች ሁለት ሦስት ቤቶችም ተከትለው አስጠገኑ፤ በአንደኛው ቤት በዚያ ክረምት አራስ ነበረች።

መነሻው ሲመጣ በአጭር ማስጠንቀቂያ መጣ። ከከተማው ዳር ወደሚገኝ ምትክ ቤት ገባን፤ የቀድሞ ጎረቤቶቻችን በተለያየ አቅጣጫ ተበተኑ፤ እድሩ ተከፋፈለ። በእግዚአብሔር መታመን ይህን አላስቀረልንም፤ ያስቀርልናል ብዬም ለማንም መናገር አልችልም። ያጣነው የምር ማጣት ነበር፤ እናቴ እስከ ዛሬ የምታዝንበት ነገር አለ፣ ኀዘኗም እምነቷን የሚያሳንስ አይደለም።

ኤርምያስም እንዲህ ያለውን ድርብ ስሜት ያውቀው ነበር። በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ 10ኛ ዓመት፣ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበው ሳለ፣ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን መሬት ከአጎቱ ልጅ እንዲገዛ ተነገረው። 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ምስክር አቁሞ የግዢውን ውል ጻፈ፤ ውሉንም ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠው። ልብ የሚባለው ነገር ጸሎቱ የመጣው ከግዢው በኋላ መሆኑ ነው። ከፍሎና ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ፣ ጌታ ሆይ፣ ከተማይቱ በባቢሎናውያን እጅ ልትሰጥ ነው፣ አንተ ግን መሬት ግዛ ትለኛለህ ብሎ ግራ መጋባቱን በፊቱ አፈሰሰ። አስቀድሞ ታዘዘ፣ ቀጥሎ ጠየቀ፤ እግዚአብሔርም ስለ ጥያቄው አልተቆጣውም። ኤርምያስ ያንን መሬት ሲያርስ ወይም ሲያጭድ መጽሐፉ አይናገርም፤ የመጨረሻ ታሪኩ የሚገኘው ወገኖቹ ወደ ግብፅ በወሰዱት ጊዜ ነው።

በዚያችው በተከበበች ከተማ ውስጥ የእኛ አገር ሰው ነበረ። አቤሜሌክ ኢትዮጵያዊው በንጉሡ ቤት የሚያገለግል ጃንደረባ ነው፤ መሳፍንቱ ኤርምያስን በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ሳለ ንጉሡን ለምኖ፣ 30 ሰዎች ይዞ ያወጣው እርሱ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አቤሜሌክን ይበልጥ የምናውቀው ከተረፈ ባሮክ ሲሆን፣ በዚያ ታሪክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በቅርጫቱ ያለው በለስ ገና ትኩስ ሆኖ ይገኛል። ከእንቅልፉ በፊት ያለው አቤሜሌክ ግን ለእኔ ይበልጣል። ከተማይቱ በራብ እየተጨነቀች ነው፤ ንጉሡ የሚወላውል ሰው ነው፤ መሳፍንቱ ኃያላን ናቸው፤ ነቢዩን ማዳን የሚያስከትለውን የሚያውቅ የለም። ለአቤሜሌክ ሕልም እንደታየለት፣ ድምፅ እንደተሰማው፣ ሱባኤ እንደገባ ምዕራፉ አይጽፍም። የሚጽፈው ከግምጃ ቤት በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ እንደወሰደ፣ በገመድ ወደ ጉድጓዱ እንዳወረደለት፣ ገመዱ እንዳይቆርጠውም ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለኤርምያስ እንደነገረው ነው።

ስለ እርሱ የእግዚአብሔር ቃል የመጣው በኋላ፣ ገና ከተማይቱ ሳትያዝ፣ በዚያው በግዞት ቤት አደባባይ በተቀመጠው ነቢይ በኩል ነው። ከተማይቱ እንደምትወድቅ አልሰወረውም። እርሱ ግን በሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደማይሰጥ፣ ነፍሱም እንደምትተርፍለት ነገረው፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ «በእኔ ታምነሃልና» አለ።